የሙታን አውቶቡስ ሳሎናችን ገባ

እማዬ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ ያወጣችው በአንድ የአውቶቡስ ሹፌር ምክንያት ነው፤ ያውም በሞተ ሹፌር፣ ያውም በሥዕል። ከሥራ ስመለስ ሻንጣው አልጋዋ ላይ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፣ ነጠላዎቿ ታጥፈው ገብተዋል፣ እሷ ደግሞ ካፖርቷን ለብሳ የአልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ወሩ ሐምሌ ነው። የቶሮንቶ ሐምሌ ያለ ካፖርትም ያቀልጣል፤ እሷ ግን ወንድሜ ያለበት ካልጋሪ ብርድ ነው ሲባል ሰምታለች።

«ወንድምሽ ጋ እሄዳለሁ» አለችኝ። «እኔ ከዚህ ነገር ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አላድርም።»

«ይህ ነገር» ያለችው መሬት ላይ ተጥሏል። እንዳይነሣ ይሁን እንዳይናገር እንጃ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ጭናበታለች። አነሣሁት። የልጄ መጽሐፍ ነው፤ ማንጋ ይሉታል፣ የጃፓኖች የሥዕል ታሪክ። ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ከሰፈሩ ላይብረሪ እየተዋሰች ታነባለች። ሽፋኑ ላይ ፊቱ አመድ የመሰለ፣ ቆብ ያደረገ ሹፌር መሪ ጨብጦ ፈገግ ብሏል፤ ከኋላው መስኮቱን የሞሉት ተሳፋሪዎች በሙሉ ሙታን ናቸው።

«በሞት ይቀለዳል?» አለች እማዬ።

እኔ የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው፤ እዚያ ከሞት በቀር የሚቀለድበት ነገር የለም፣ የሚጀምሩትም ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ናቸው። ይህ ግን ለእናቴ አይነገርም። ደክሞኛል፣ እግሬ አብጧል፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ በደረጃ ነው የወጣሁት። ስለዚህ ተቆጣሁ። መጀመሪያ እናቴን፣ ከዚያ ልጄን፣ ከዚያ የጃፓንን ሕዝብ በሙሉ።

እማዬ ቁጣዬ እስኪያልቅ ጠበቀችና ሽፋኑን አይቼው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አየሁት አልኳት።

«ቆቡንስ አየሽው?»

ቆብ ነው፣ ሹፌር ሁሉ ያደርጋል አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ነገሩ ለምን እንዳስፈራኝ ልንገራችሁ። ወንድሜ ካልጋሪ ሰፊ ቤት አለው። እማዬን እዚያ የራሷ ክፍል፣ የራሷ መታጠቢያ ቤት፣ ጎመን የምትተክልበት ጓሮ ይጠብቃታል፤ በየሳምንቱ ኮል እያደረገ መቼ ትመጫለሽ ይላታል። እኔ ጋ፣ ቶሮንቶ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ትጋራለች፣ አውቶቡስ ካልመጣ የትም አትሄድም፣ ሊፍቱም ደስ ሲለው ነው የሚሠራው። አባቴ ከሞተ በኋላ በስፖንሰር ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ እስክትመጣ ድረስ እንቅልፍ አልነበረኝም። እናቴ ደግሞ ከሄደችበት የምትመለስ ዓይነት ሴት አይደለችም። አንዴ ካልጋሪ ከገባች እኔ በገና እረፍት የምጎበኛት እንግዳ ነው የምሆነው። ያን ሁሉ የጮኽኩት ፈርቼ ነው።

የልጅ ልጅሽንስ ጥለሽ ትሄጃለሽ ብዬም ልሞግታት አልቻልኩም። ሁለቱ እዚያች ክፍል ውስጥ እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ ነው የሚኖሩት፣ ጎን ለጎን፣ ዝም ብለው። ልጄ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። እማዬ የምትችለው እንግሊዝኛ «ታንኪው» እና «ኖ ፕሮብሌም» ነው። በእነዚህ በሁለቱ ከባንክ እስከ ሐኪም ቤት ሄዳለች፤ የልጅ ልጇ ጋ ግን አላደረሷትም።

ልጄን ወጥ ቤት አስገብቼ ይህ ምንድን ነው አልኳት። መጀመሪያ ፈርታ ነበር፣ ታሪኩን መናገር ስትጀምር ግን ፍርሃቷን ረሳችውና በእንግሊዝኛ አንበለበለችው። ሹፌሩ ሞቷል። ሥራው ሰው በሞተ ቁጥር ካለበት እየለቀመ ወደ ወዲያኛው ዓለም በር ማድረስ ነው። ችግሩ መንገድ አያውቅም። ተሳፋሪ ጭኖ ይጠፋል፣ ሰዎቹ ለፍርድ ቀናቸው ይዘገያሉ፣ የበሩ ዘበኛ ይሳደባል። ቲኬት የሚቆጣጠር አንድ ሽማግሌ ጋኔንም አለ፤ ዶሮ ይፈራል። በቃ ይኸው ነው። እናቴ በሐምሌ ካፖርት የለበሰችው ለዚህ ነው።

የእማዬ ጥፋት መጽሐፉን እንደ ጤነኛ ሰው ከግራ መክፈቷ ነው። ጃፓኖቹ ከቀኝ ነው የሚጀምሩት። ስለዚህ መጀመሪያ ያየችው ከመጨረሻዎቹ ገጾች አንዱን ነው፤ እዚያ ላይ ቀንዳሙ ጋኔን በአውቶቡሱ መስኮት ተንጠልጥሎ ያለቅሳል። ዶሮ አባርራው እንደሆነ እሷ በምን ታውቃለች? ከኋላ ወደ ፊት የሚሄድ መጽሐፍ ማን እንደሚጽፍ ግን አልጠፋትም።

በስንት ልመና እስከ ቅዳሜ እንድትቆይ አስማማኋት። ቅዳሜ የጸሎት እህቶች ይመጣሉ፣ ይጸለያል፤ ያ ነገር ከቤቱ ከወጣ ትቀራለች፣ ካልወጣ ወንድሜ ትኬት ይቆርጣል። እስከዚያው እሷ ሶፋ ላይ ልትተኛ፣ መጽሐፉም እሷ በመረጠችለት ቦታ ሊቀመጥ ተስማማን። ሞት ይርሳኝ፣ ካፖርቷን ረሳሁት፤ እስከ ቅዳሜ አላወለቀችም።

በማግስቱ ሥጋ ላወጣ ፍሪዘሩን ስከፍት ሹፌሩ ከዶሮ ብልትና ከአተር መሐል ሆኖ ፈገግ አለልኝ። ቆቡ ላይ በረዶ ሠርቷል። እማዬን ምን ጉድ ነው ብላት፣ ሲኦል እሳት ከሆነ ብርድ አይስማማውም አለችኝ። ለዚህ መልስ ያለው ሰው ይንገረኝ። ሥጋዬን ይዤ ዘጋሁት።

ቅዳሜ ከሰዓት እህቶቹ መጡ። ከቤተ ክርስቲያናችን ናቸው፤ በየሳምንቱ ሰው ቤት እየዞሩ ይጸልያሉ። መሪያቸውን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። አጋንንት የእትዬን ድምፅ ሲሰሙ ይንቀጠቀጣሉ ይባላል፤ የእኛ ሕንፃ ሊፍት ግን ንቅንቅ አላለም፣ በደረጃ ነው የወጡት። ሦስት ሴቶች አስከትለው ገቡ። ከሦስቱ አንዷ ኢየሩሳሌም ደርሳ ስለመጣች በሁሉም ነገር ላይ አስተያየት አላት። ከዳንፎርዝ መንገድ የሐበሻ ሱቅ ሳምቡሳ ገዝተዋል። ጋኔን ወጣም አልወጣም ሰው መብላቱ አይቀርም።

መጽሐፉን ከፍሪዘር አውጥቼ ልጄን መሐላቸው አስቀመጥኳት። ጆሮዬ ላይ ተጠግታ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጽሐፉን ያቃጥሉታል ወይ፣ ከእሷ ቀጥሎ ሊዋሰው የሚጠብቅ ሰው አለ። እኔ እያለሁ የመንግሥት ንብረት አይቃጠልም አልኳት። እማዬ ወንበሯን ወጥ ቤቱ በር ላይ አድርጋ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች።

በእኛ በጴንጤዎቹ ዘንድ መንፈስ ዝም ብሎ አይባረርም። መጀመሪያ ማን እንደሆነ፣ በየት እንደገባ ይጠየቃል፤ ከዚያ ተለይቶ ይገሠጻል። መጽሐፍ ደግሞ ቢጠይቁት አይመልስም። እትዬ ትንሽ አሰቡና መነጽራቸውን አደረጉ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ። «ልጄ፣ አንቺ አንብቢልን። ማን ማን እንዳለበት እንወቅና አንድ በአንድ እናስወጣቸዋለን።»

በአማርኛ ማለታቸው ነው። ልጄ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ከሥሩ ሲሏት መጽሐፉን ከኋላ ከፈተችው፣ ሳሎኑም ታወከ። ይኸው፣ አላልናችሁም ተባለ፤ እጆች ተነሡ፤ እትዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኢየሩሳሌም የደረሰችው እህት ግን ዕብራይስጥም ከቀኝ ነው የሚነበበው ብላ አቋረጠቻቸው፤ ነቢያቱ ሁሉ ከዚያ ነው የጀመሩት። እትዬ መነጽራቸውን አስተካከሉና ልጄ እንድትቀጥል በእጃቸው ምልክት ሰጧት።

መጀመሪያ ላይ ሥራው በሥርዓት ነበር የሚሄደው። ልጄ ትናገራለች፣ አዲስ ሰው ብቅ ሲል ትቆማለች፣ አራቱ ሴቶች እጃቸውን ዘርግተው ይገሥጹታል፣ ከዚያ ገጽ ይገለጣል። ሹፌሩ ተገሠጸ። ዘበኛው ተገሠጸ። ከዚያ ቲኬት ተቆጣጣሪው ገባ።

«ጋኔኑ መጡ» አለች ልጄ። «ቁጭ አሉ። ቲኬት ጠየቁ።»

ወይ ጉድ፣ ለጋኔን አንቱታ። ልጄ ምን እንዳጠፋች አልገባትም፤ ጺም አላቸው እኮ፣ ትልቅ ሰው ናቸው አለች። ጥፋቱ የእኔ ነው። ለትልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚባለው እያልኩ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የጨቀጨቅኳት እኔ ነኝ፣ ጋኔን ሲቀር ብዬ አልነገርኳትም። እትዬ ለእንዲህ ያለው ክብር አይገባውም፣ መጣ በዪ ብለው አረሟት። ለሁለት ገጽ ያህል መጣ፣ ሄደ አለች፤ ከዚያ ረሳችውና ጋኔኑ ተመልሰው እሳቸው ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ እትዬ ራሳቸው እሺ፣ ከዚያስ ምን አሉ ሲሉ ሰማኋቸው።

ሥርዓቱን ጨርሶ ያፈረሰችው ግን ዶሮዋ ናት። ያለ ቲኬት ተሳፈረች፤ የሞተች ዶሮ። ትገሠጽ ወይስ ትለፍ የሚል ክርክር ተነሣ። አንዷ፣ ዶሮ ምን አደረገች ብላ ጠበቃ ቆመች። ሌላዋ ሥዕሉን ቀረብ ብላ አየችና «እንዴ፣ ይቺ እኮ ናት፣ ሲሉ ሰምታ ታንቃ የሞተችው» አለች። እትዬ ሳቅ አመለጣቸው። እጃቸው ለግሣጼ እንደተዘረጋ ነው የሳቁት። ከዚያ በኋላ የተገሠጸ የለም። ጋኔኑ ዶሮዋን አይተው ወንበር ላይ ሲወጡ ሳምቡሳው ተከፈተ።

ተሳፋሪዎቹም ሙታን ይሁኑ እንጂ የእኛው ሰዎች ሆነው ተገኙ። አውቶቡሱ ይዘገያል፣ ፌርማታው ከቦታው ተነሥቷል፣ መንገዱ ተቆፍሯል፣ ሹፌሩ በሌላ በኩል ሲዞር ይጠፋል፣ ሰዉ ያጉረመርማል። ሁላችንም አውቶቡስ ስንጠብቅ ያረጀን ሴቶች ነን፤ ይቺማ የእኛ መስመር ናት ተባለ። ነገ ሺፍት አለኝና አልሞትኩም ብሎ ድርቅ ያለ ሰውዬ መጣ። እሱ ላይ ለመሳቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብን። ቀጥሎ አንዲት ባልቴት ከነድስቷ ተሳፈረች፤ ሹፌሩ ወዲያኛው ዓለም ድስት አይገባም ቢላት፣ እዚያ ምን እንደሚበላ ማን ያውቃል ብላ አሻፈረኝ አለች። ሳሎኑ በሙሉ ከባልቴቷ ጋር ወገነ። ድስቷን ካስጣሏት ግፍ ነው አሉ እትዬ፣ በቁጣ ጭምር።

እኔ ግን ልጄን ነበር የማየው። አማርኛዋ ይሰበራል፣ መልሳ ትጠግነዋለች። ቃል ሲያጥራት እጇን ታወናጭፋለች፣ ከሴቶቹ አንዷ ታቀብላታለች፣ ተቀብላ ትሮጣለች። በሕይወቷ ይህን ያህል አማርኛ በአንድ ቀን ተናግራ አታውቅም። በዓመት አንዴ የአማርኛ ትምህርት አስመዘግባታለሁ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሆዷን ያማታል። አሁን አንድ የሞተ ሹፌር ያለ ክፍያ አስተማራት። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ፤ ማንም አላየኝም፣ ሁሉም ሥዕሉን ነበር የሚያዩት።

ወደ መጨረሻው ግድም አውቶቡሱ እንደ ምንም በሩ ጋ ደረሰ። ሁሉም ወረዱ፣ ባልቴቷ ከነድስቷ፣ ዶሮዋም ጭምር። ባልቴቷ ዞር ብላ ሹፌሩን አንተስ አለችው። ልጄ ሥዕሉን አየችና ቃሉን ፈልጋ ፈልጋ አገኘችው።

«የእኔ ሥራ ማድረስ ነው፣ እኔ አልገባም አላት» አለች። «ከዚያ በሩ ተዘጋ። እሱ ብቻውን አውቶቡሱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሩዝ በላ።»

ወጥ ቤቱ በር ላይ ያለው ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። እማዬ ዞራለች።

ያኔ ነው ቆቡ የገባኝ። አባቴ ዕድሜ ልኩን አዲስ አበባ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። እሁድ ተረኛ ሲሆን እማዬ በእሱ አውቶቡስ ነበር ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው። ፌርማታው ላይ ሲያወርዳት፣ ዛሬ እንኳ ና ግባ፣ ጌታን ተቀበል ትለዋለች። እሱ ቆቡን ከፍ አድርጎ፣ የእኔ ሥራ ማድረስ ነው፣ መግባቱ የእናንተ ነው ይላታል፣ ተሳፋሪው ይስቃል፣ በሩ ይዘጋል። እንዲሁ ሲያደርሳት ኖሮ ጌታን ሳይቀበል ሞተ። ይህ በእኛ ትምህርት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። የእሱ ወገኖች ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ተዝካር አወጡለት፣ ፍትሐት አስፈቱለት፣ ልባቸው ዐረፈ። እኛ ጋ ግን ለሞተ ሰው አይጸለይም። እማዬ ይህን ነገር አንድ ቀን በአፏ አንሥታው አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም፣ ምን እላታለሁ ብዬ። ከዚያ አንድ ቀን ከልጅ ልጇ ትራስ አጠገብ አንድ ቆብ ያደረገ የሞተ ሹፌር ፈገግ አለላት።

«እና መጨረሻ ላይ ይገባል?» አለች እማዬ። የጠየቀችው ልጄን ነው።

ልጄ የቀረውን ገጽ ገለጠች። ባዶ ነው።

«አላውቅም እማማ» አለች፣ በአማርኛ። «ገና አላለቀም። ሰውዬው እየጻፈው ነው።»

እማዬ ወደ እትዬ ዞረች።

«እህቴ፣ ላላለቀ ነገር ይጸለያል?»

እትዬ ሳምቡሳቸውን ሳህኑ ላይ መለሱት። አባቴን አያውቁትም፣ ማንም የነገራቸው ነገር የለም፤ የእማዬን ፊት ግን ደህና አድርገው አዩት። ትምህርቱን ከማናችንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። አሁን አንድ ጥቅስ ያወጡና እናቴን ካልጋሪ ይሰዱብኛል ብዬ ፈራሁ።

«ላላለቀማ ነው እንጂ የሚጸለየው» አሉ። «ላለቀ ነገር ምን ይጸለያል?»

ስለዚህ ጸለይን። አራት የጸሎት እህቶች፣ አንዲት ካፖርት የለበሰች እናትና እኔ፣ ፍሪዘር ውስጥ ሰንብቶ ገጹ ወደተጨማደደ የላይብረሪ መጽሐፍ እጃችንን ዘርግተን፣ በሥዕል ያለ ሹፌር በሩ እንዲከፈትለት ጮኸን ጸለይን። ኢየሩሳሌም የደረሰችው እህት ለጋኔኑም ልብ ይስጣቸው ብላ ጨመረች፣ በአንቱታ። ጎረቤታችን ግድግዳውን ደበደበ። ልጄ ዓይኗን በግማሽ ገልጣ ስታየን ነበር፤ አበዱ ብላ ይሆናል፣ አልፈርድባትም። እማዬ እያላባት፣ እያለቀሰች፣ ከሁላችንም በላይ ጮኸች። ሲያልቅ ሞቀኝ ብላ ካፖርቷን አወለቀች።

በማግስቱ ወንድሜ ኮል ሲያደርግ ስልኩን ከእጄ ላይ ወሰደችው። አሁን አልመጣም፣ የያዝኩት ነገር አለ አለችው። ምን እንደሆነ ቢጠይቃት፣ ለአንተ ከመጀመሪያው ካልተነገረህ አይገባህም፣ መጀመሪያውም ከኋላ ነው አለችው። ወንድሜ ቆይቶ ለብቻዬ ደውሎ እማዬ ደህና ናት ወይ አለኝ። ሻንጣው አልጋ ሥር ተመለሰ፤ አሁን ከላይብረሪ የሚመጡት ማንጋዎች የሚቀመጡት እዚያ ውስጥ ነው። እማዬ ከመተኛቷ በፊት ዚፑን ትዘጋበታለች። መውደድ ሌላ፣ ማመን ሌላ።

የመጽሐፉ ቀጣይ ክፍል እስካሁን አልወጣም። እማዬ ልጄን በየቀኑ ትጠይቃታለች፣ ልጄም ገና ነው እማማ ትላታለች። ያ ጃፓናዊ ምን ሆኖ ነው የሚዘገየው፣ ሚስት የለችውም፣ ማን ያበላዋል እያለች ትብሰለሰላለች። ላይብረሪ አብረው ሄደው ይጠይቃሉ። ከአውቶቡስ ሲወርዱ እማዬ ለሹፌሩ ታንኪው ትለዋለች፣ እሱም ኖ ፕሮብሌም ይላታል፣ እሷም ይኸው ከሰው ጋር ተጫወትኩ ብላ ትገባለች።

እማዬ በማለዳ፣ ድምፅ አውጥታ ነው የምትጸልየው። ልጄ ድሮ ትራሱን ጆሮዋ ላይ ትጭን ነበር። ባለፈው ሳምንት ለሥራ ጫማዬን አድርጌ በበራቸው ሳልፍ ቆም ብዬ አዳመጥኳት። ለአገር ጸለየች፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለወንድሜ፣ ለእኔ እግር፣ ለጃፓናዊው እጅ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጌታ ሆይ፣ ሹፌሩንም አስገባው» አለች። «ብዙ ሰው አድርሷል።»

ከወዲያኛው አልጋ ልጄ እንቅልፍ በያዘው ድምፅ «አሜን» አለች።

በሩን ተደግፌ ምን ያህል እንደቆምኩ እንጃ። አውቶቡሴ አመለጠኝ።